«ፀሐይ ሙቂ» እና «ቫይታሚን ዋጪ»፦ ስለ ሉፐስ ታማሚዎች የታዘብኩት

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ «ሰሞኑን ድካም በርትቶብኛል» ብሎ ለወዳጁ ቢያማክር መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቫይታሚን ዲህን አስለካ» ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ቅሬታ ያሰማ ሰው ደግሞ ቡና እየተቀዳለት «ወጣ በልና ፀሐይ ሙቅ» የሚል ምክር ይሰጠዋል። ሁለቱም ምክሮች ለአብዛኛው ሰው ክፋት የላቸውም። ሉፐስ ላለባት ሴት ግን የሀገር ቤቱ ምክር ሕመሙን የሚቀሰቅስ፣ የውጭው ምክር ደግሞ እውነቱን በከፊል ብቻ የያዘ ነው። ሴት ማለቴ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች፣ ያውም አብዛኞቹ በመውለጃ ዕድሜያቸው ላይ የሚገኙ ስለሆኑ ነው።

ሉፐስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በገዛ ራሱ አካል ላይ ተነሥቶ ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ሲብስም ኩላሊትን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶችን ከነጮቹ ከ2 እስከ 3 እጥፍ በሚበልጥ መጠን እንደሚይዝና ኩላሊታቸውንም አብዝቶ እንደሚጎዳ በሚገባ የተመዘገበ ነገር ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የሚወራውን ያህል ስለዚህ ሕመም ሲወራ አልሰማሁም።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት የፀሐይ ጨረሮች አንዱ ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ውስጥ የሚያስገኘው ያው ጨረር መሆኑ ነው። አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ የቫይታሚን ዲ መነሻ ይፈጠራል፤ እሱን ጉበት ተቀብሎ ይለውጠዋል፤ ኩላሊት ደግሞ ሰውነት ወደሚጠቀምበት የመጨረሻ መልኩ ያደርሰዋል። የሉፐስ ታማሚ በዚህ መንገድ ላይ በየደረጃው ይጎድልባታል። ፀሐይ እንዳትመታት በሐኪም ታዝዛለች፤ ጠቆር ያለ ቆዳዋ ከነጮቹ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ኩላሊቷ ተነክቶ ከሆነ የመጨረሻው ሥራ ይስተጓጎላል፤ የመከላከያ ሥርዓቷን ለማብረድ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ደግሞ አጥንቷን ስለሚያሳሳ ከሌላው ሰው ይልቅ ቫይታሚኑ ያስፈልጋታል። በዚህ ላይ ሲያትል ከምድር ወገብ በስተሰሜን 47 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ስለምትሄድ፣ ሰማዩ ቢጠራ እንኳ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ቢ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የማውቃት ሉፐስ ያለባት አንዲት የሲያትል እኅት በሐምሌ ወር፣ ከተማው ሁሉ ልብሱን አቅልሎ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ ሲወርድ፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳና ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ ድንኳን ሥር ትቀመጣለች። ሥጋ የሚጠብሱት አባቶች በቅንነት «ልጄ፣ ዘጠኝ ወር ጨለማ ውስጥ ከርመሽ አሁንም ትሸሸጊያለሽ?» ይሏታል። በብርዱ ወራት ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ መስኮት ሥር እንድትቀመጥ አዝነው ቦታ የለቀቁላት ባልደረቦች ነበሩ። የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን አስቀርቶ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለውን እንደሚያሳልፍ ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በዚያ ወንበር ላይ ቫይታሚኑን ሳታገኝ ቆዳን ሊያስቆጣ ለሚችለው ጨረር ብቻ ትጋለጥ ነበር።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ፣ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ቫይታሚን ዲ አያጥረውም ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያንን ደም ከኖርዌይ ሰዎች ደም ጋር አነጻጽሮ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘው የእኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አዳማና አካባቢዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ እጥረቱን ከከተማዎቹ ልጆች 62 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሮቹ 21 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ አግኝቷል። ፀሐይ መኖሯና ፀሐይ ቆዳ ላይ ማረፏ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የከተማ ሰው ቀኑን በክፍል፣ በቢሮና በታክሲ ውስጥ ያሳልፋል፤ የምንለብሰው ልብስ አብዛኛውን ገላችንን ይሸፍናል፤ ቫይታሚኑ ያለባቸውን እንቁላልና ዓሣ ደግሞ ድሮም አናዘወትርም፤ በጾም ወራት እንቁላሉም ከገበታው ይነሣል።

ሉፐስ ያለባት የሀገር ቤት ሴት ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ፈተና አለባት፤ ሕመሟ ስሙን ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ ውላ ፊቷ ቀልቶ ሽፍታ ሲወጣባትና ትኩሳት ሲይዛት «ምች ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ይታሽላታል፤ ሽፍታው ጠቁሮ ሲቀር «ማዲያት» ተብሎ የማቅያ ቅባት ይገዛላታል፤ ጣቶቿ ማለዳ አልታጠፍ ሲሏት «ቁርጥማት» ይሆናል። በዚህ የሚስቁ የሰለጠኑ ዘመዶቼን አልደግፍም። ምች ፀሐይን ከሽፍታና ከትኩሳት ጋር ያያያዘ የዘመናት ልምድ ነው፤ ለሉፐስ ታማሚ «ፀሐይ መትቶሽ ነው» የሚላት ጎረቤት፣ ሕክምናው ቢሳሳትም፣ መንሥኤውን በማየት ሲያትል ካሉት ባርቤኪው አብሳዮች ትሻላለች። ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የዘረጋች ወይም ነጠላዋን ግንባሯ ላይ የጣለች ሴትን «ምን ሆነሻል?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። የጎደላት ሐኪም ነው፤ የመገጣጠሚያና የመሰል ሕመሞች ስፔሻሊስቶች በሀገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቫይታሚን ዲ ምርመራም የሚገኘው በዋናነት በትልልቅ ከተሞች፣ ያውም ኪስ በሚጎዳ ዋጋ ነው።

እዚህ ሲያትል ደግሞ ምርመራው ሞልቷል። የደም ውጤቱ ወረቀት ላይ በቀይ ተጽፎ ሲመጣ ሐኪሙም ታማሚዋም «ተገኘ!» ይላሉ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፣ ክኒኑ ይታዘዛል፣ ቀጠሮው በዚያ ያበቃል። ጥናቶቹ የሚሉት ግን ከዚህ ቆጠብ ያለ ነው። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከ1,000 በላይ የሉፐስ ታማሚዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት የቫይታሚኑ መጠን ከፍ ሲል የበሽታው ኃይልና የኩላሊት ጉዳት ምልክት የሆነው በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን በመጠኑ ቀንሶ እንደታየ ይናገራል። ብራዚል ውስጥ በ40 ወጣት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ለ24 ሳምንታት ቫይታሚኑን የወሰዱት ድካማቸው ቀልሏል። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ሙከራ፣ ክኒኑ ከሉፐስ ጋር የሚያያዘውን ኢንተርፌሮን የተባለ የመከላከያ ምልክት እንዳላበረደው አሳይቷል። እንግዲህ እጥረትን መሙላት ለአጥንት የግድ ነው፤ ለድካም ሊያግዝ ይችላል፤ ሉፐስን ግን አያድንም።

ድካሙን በተመለከተ የሉፐስ ታማሚዎች ራሳቸው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነሡ የማይለቅ፣ ገላ መታጠብን እንኳ ከቀኑ ሥራ የሚያስቆጥር ድካም ነው። ከበስተኋላው የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእንቅልፍ መቆራረጥ፣ ድብርት ወይም የመድኃኒቱ ጣጣ ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ 15 ደቂቃ የማይሞላ ቀጠሮ አይበቃም። ሀገር ቤት ያለችው ታማሚ የቫይታሚን ቁጥሯን ባታውቅም እንጀራዋን የሚጋግርላትና ልጇን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ዘመድ ሊኖራት ይችላል፤ ሲያትል ያለችው ቁጥሯን በስልኳ እያየች ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ለደኅንነት የትኛው ይበልጣል ቢሉኝ፣ ለኩላሊቷ የሲያትሉን፣ ለድካሟ የአዲስ አበባውን እመርጥላታለሁ።

በዚህ መሐል የእኛ የዲያስፖራዎች ሻንጣ አለ። ወደ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ የቫይታሚን ጠርሙስ ይሸከማል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በሐኪም ክትትል የሚወሰደውን ባለ 50,000 ዩኒት እንክብል «ጠንከር ያለው ነው» ብሎ ለታመመች አክስቱ የሚሰጥም አይቻለሁ። አክስት ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነገር አታባክንም፤ በየቀኑ ትውጠዋለች። ለአዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚፈቀደው የመጨረሻ ጣሪያ በቀን 4,000 ዩኒት ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከልክ ያለፈው ደም ውስጥ ካልሲየም አብዝቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሉፐስ ሲብስ የሚያጠቃው ደግሞ ያንኑ ኩላሊት ነው። የሉፐስ ታማሚ ዘመድ ያለው መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ደውሎ ቢጠይቅ፣ ሐኪሟ ያዘዘላት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ የሉፐስ መድኃኒት በአካባቢዋ ፋርማሲ መኖር አለመኖሩንና በአዲስ አበባ ኮስሞቲክስ ቤቶች ዋጋው የማይቀመሰውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደምትፈልግ ትነግረው ነበር።