የአባት ፕሮስቴት የልጅም ጉዳይ ነው

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን ለፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ በታች ላለው እጢ) ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ለአለቃቸው ለፕሬዚዳንት ባይደን አልነገሩም። በጃንዋሪ 1 ብሶባቸው እንደገና ሆስፒታል ገቡ፤ ያኔም ዋይት ሐውስ የሰማው ከቀናት በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ አደባባይ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሌሎች ወንዶችም እንዲመረመሩ መከሩ።

ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ፖለቲካ አየው። ለእኔ የታየኝ የእኛው ቤት ነው።

እኛ ጋ የፕሮስቴት ስም አይነሳም። አባት ይታመማል፤ ጠያቂ ሲመጣ «ወገቡን ነው» ወይም «ኩላሊት ነው» ይባላል። ሰውየው የሽንት ከረጢቱን በጋቢው ሸፍኖ ይቀመጣል። ቡና ይፈላል፣ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ይወራል። እውነቱን የምታውቀው ሚስት ናት፤ አንዳንዴም ሐኪሙ ጋ ይዛው የምትመላለሰው ልጅ። ውጭ ላሉት ወንዶች ልጆች በስልክ የሚነገራቸው «ደህና ነው፣ እርጅና ነው» የሚል ነው። ከተቀበረ በኋላም በምን እንደሞተ በቅጡ አያውቁም።

ክብሩን ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባኛል። ዕዳው ግን ለልጆቹ ይተርፋል። አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ ካንሰር የነበረበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር አብዛኛው ወንድ 50 ሲሞላው ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር እንዲነጋገር ይመክራል። ለጥቁር ወንዶች፣ እንዲሁም አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከ65 ዓመቱ በፊት ለታመመባቸው፣ ዕድሜው 45 ነው። እንዲህ የታመመ ከአንድ በላይ ካለ 40። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የ42 ዓመት ሐበሻ ሐኪሙ «በቤተሰብ ፕሮስቴት ካንሰር አለ?» ሲለው «የለም» ይላል። አልዋሸም። የነገረው የለም።

አንጀቴን የሚያቃጥለው ሌላው ነገር ምልክት መጠበቁ ነው። ወንዶቻችን ሽንት እስካላስቸገራቸው ድረስ ደህና ነን ይላሉ። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሽንት ቱቦው ራቅ ካለው የእጢው ውጨኛ ክፍል ነው። ትንሽ ሳለ ሽንት አይከለክልም፣ አያምም። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳው በአብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ የእጢው ማደግ ነው፤ እሱ ካንሰር አይደለም። የወገብ ሕመሙ ግን አንዳንዴ ካንሰሩ አጥንት ከገባ በኋላ የሚመጣ ነው። ያኔ ሕክምናው ዕድሜ ያራዝማል፣ ሥቃይ ያስታግሳል፤ ፈጽሞ ማዳን ግን አይቻልም።

ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ ስንት እንዳለ ይለካል። ምርመራው ከክንድ ደም መስጠት ነው፣ በቃ። ብዙዎች የሚሸሹት በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገውን ምርመራ ፈርተው ነው። «ለጊዜው በደም እንጀምር» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁሉም ሮጦ ይመርመር ግን አልልም። ፒኤስኤ እጢው ሲያድግም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ቁጥሩ ከ4 እስከ 10 ከሆነባቸው ወንዶች ከእጢው ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ከሚገኘውም ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሰውየውን የማይገድል ብዙ አለ። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ሽንት መቆጣጠርንና የትዳር አልጋን ሊጎዳ ይችላል። በ2023 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ካንሰሩ ከእጢው ሳይወጣ የተገኘባቸውን ወንዶች ተከታተለ። ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም፣ ጨረር ቢወስዱም፣ በክትትል ብቻ ቢቆዩም፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚሁ ካንሰር የሞቱት ከመቶ ሦስት ያህል ናቸው። በ2025 ውጤቱ የወጣው የአውሮፓ ትልቅ ጥናት በበኩሉ 23 ዓመት ተከታትሎ ምርመራው በፕሮስቴት ካንሰር መሞትን በ13 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥቅሙም ጉዳቱም እውነት ነው። ሚዛኑን ወደ ምርመራው ከሚያደሉት ነገሮች ዋነኛው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ እኛ የምንደብቀው እሱኑ ነው።

አገር ቤትም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ፒኤስኤ በግል ላቦራቶሪ ይገኛል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን እነ ጅማ ተጨምረዋል። ስለዚህ ደም ከመስጠት በፊት «ቁጥሩ ከፍ ካለ የት እሄዳለሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሴቶች ልጆችም ሊነገራቸው ይገባል። ቢአርሲኤ 2 የሚባለው ጂን ጉድለት ካለበት በወንድ ላይ የፕሮስቴት፣ በሴት ላይ የጡትና የእንቁልጢ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ከአባት ለሴት ልጅም ይተላለፋል። እናም «ካንሰር ነበረበት» ማለት ብቻ አይበቃም። በስንት ዓመቱ ታወቀ? ወደ አጥንት ሄዶ ነበር? ወንድሞቹስ? አባት መናገር ከከበደው እናት ትናገር፤ ወይም ያስታመመችው ልጅ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስታ ለወንድሞቿና ለእህቶቿ በቴሌግራም ትላክላቸው።