ቁልቁለት ላይ የሚቆጥብ ጀግና

የጎንደር ሹፌር ነዳጅ ያባክናል የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ቁጠባውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከአንድ ወዳጄ ጋር ከፒያሳ ወደ አዘዞ ልንወርድ ነበር። መጀመሪያ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ወዳጄ ወንድሙን ይጠብቃል፤ ወንድሙ ቡና ይጠጣል፤ ሞተሩ ይሠራል። «አታጠፋውም እንዴ?» አልኩት። «አይ አንተ! ማስነሳቱ እኮ ነው የሚበላው» አለኝ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆም አጥፍቶ ቢያስነሳ ይሻለዋል የሚሉት፣ ቡና የሚወድ ወንድም የሌላቸው ሰዎች መሆን አለባቸው።

ወንድምዬው መጣ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አነዳድ ጠላትም ያደንቀዋል። ሁለት መቶ ሜትር ወደፊት ባጃጆች መንገዱን ዘግተው ይታያሉ። ወዳጄም አይቷቸዋል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ኮሮላዋ ጮኸች፣ በረረች፣ ደረሰች፤ ፍሬን! ግንባሬ መስታወቱን ሊስም ምንም አልቀረው። ባጃጆቹ ፈቀቅ ሲሉ እንደገና ረገጠ፣ እንደገና ፍሬን። እንዲህ ያለው አነዳድ ከተማ ውስጥ ከ10 እስከ 40 በመቶ ነዳጅ ያስከፍላል ይባላል። ታዲያ ቤንዚን ከፍሎ የፍሬን ሸራ ማሞቅ ለማንም የሚሳካ ንግድ መሰላችሁ?

ከፋሲል መዋኛ አጠገብ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ቤት አለ። ያ ፈረስ ለዚህ ክብር የበቃው፣ ጌታው ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው እያስጋለበ ልጓም ስላልጎተተበት ይመስለኛል። የወዳጄ ኮሮላ መቃብር አያስፈልጋትም። በየወሩ ጋራዥ ትተኛለች።

የፊት ጎማዋ ደግሞ ንፋስ ጎድሎት ሆዱ መሬት ላይ ተኝቷል። «ጎሚስታ ጋ ጎራ በል እንጂ» ብለው፣ «ለስላሳ ጎማ ጉድጓድ አያሰማም» አለኝ። የጎደለ ጎማ ሞተሩን እንደሚያለፋውና ነዳጅ እንደሚጨምር ወዳጄ አያጣውም። የንፋሱ ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወዳጄ እዚያ ላይ የፋሲል ከነማን ዓርማ ለጥፎበታል። ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ መሆኑ ነው። ጎማው ከዚያ ወዲህ ተለክቶ ከሆነ እኔ ውሸታም ልባል። ከክረምት ጀምሮ ከኋላ ስላልወረደው የሲሚንቶ ከረጢት አላወራም።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ግን ሰውዬው ተለወጠ። ፊቱ ረጋ አለ። ማርሹን ዜሮ አደረገው። «ቁጠባ ማለት ይቺ ናት» አለ፣ ቤንዚኑ እንዳይሰማ ይመስል ድምፁን ቀንሶ።

አሁን እጅ የሚነሳበት ቦታ ደረስን። የዚህች መኪና ሞተር ኢንጀክሽን ነው፤ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ ማለት ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ፣ ቁልቁል የሚሽከረከረው ጎማ ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ቤንዚኑም ይቋረጣል። ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። እንግዲህ ወዳጄ መኪናዋ ልትጾም በተዘጋጀችበት ሰዓት ቁርስ አበላት። በዚያ ላይ ሞተሩ ስለማይይዛት ሥራው ሁሉ በፍሬን ላይ ወደቀ። ታች ስንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተን።

«ቁልፉን የሚያጠፉም አሉ፣ እነሱ ናቸው ጎበዞቹ» አለ ወንድምዬው ከኋላ። እውነቱን ነው። ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መሪውም ይከብዳል። ለሁለት ብር ቤንዚን ይህን ሁሉ የሚደፍር ሰው ሐውልት ያንሰዋል።

አዘዞ ማደያው ጋ ወረፋ ነበር። ተሰለፍን። ሞተሩ ይሠራል። «የነዳጅ ነገር እኮ አቃጠለን!» አለ ወዳጄ፣ ከአንጀቱ።

ወንድሙ ቡና ሊጠጣ ወረደ።