ዋና መቻላችንን ሳይጠይቁ ባሕር ለሚሸጡልን የጉዞ ወኪሎች

ከስታዲየም ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተከፈቱት የጉዞ ወኪል ቢሮዎች በመስታወታቸው ላይ የሚለጥፉት ሥዕል አንድ ዐይነት ነው፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ መነጽር አጥልቃ ከዓሣ ጋር የምትዋኝ ወጣት፣ ከሥሯም «ዛንዚባር፣ ሁሉም የተካተተበት» የሚል ጽሑፍ ይታያል። በዚህ ክረምት ከእነዚህ ቢሮዎች በአንዱ በኩል ከታላቅ እህቴ ጋር ሄጄ ተመልሻለሁ። ባሕሩ እጅግ ያማረ ነው፤ የአገሬው ሰውም ሰላምተኛና ደግ ነው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን መሐል አዲስ አበባ ተቀምጦ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው የባሕር ቀን የሚሸጥ ነጋዴ፣ ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ገንዘቡን ተቀብሎ መሸኘቱ ነው።

እኛ ማን እንደሆንን ሻጩ ጠንቅቆ ያውቃል። የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ምጽዋ ጉርጉሱም ላይ ስለ ዋኙትና በጀልባ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ስለ ተሻገሩት ሰዎች የምንሰማው ከወላጆቻችንና ከአጎቶቻችን አፍ ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጣነው የአዲስ አበባ ልጆች ውሃ ውስጥ ገባን ብንል ቢበዛ ላንጋኖ ወይም ባቦጋያ ዳር ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ በፍል ውሃ በሚሞቀው የሒልተን መዋኛ ውስጥ ይሆናል። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ታዲያ ቅጹን ሲያስሞሉን የፓስፖርት ቁጥራችንን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን፣ የአልጋ ምርጫችንን፣ ጾመኛ መሆን አለመሆናችንን ሳይቀር ሲጠይቁ፣ «ዋና ይችላሉ ወይ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ እንዴት ዘለሉት? እህቴ በራሷ አንደበት «እኔ እኮ ውሃ እፈራለሁ» ስትላቸው የተሰጣት መልስ «እትዬ፣ አይስጉ፤ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል» የሚል ብቻ ነበር።

ጉዞው እህቴ ለረጅም ዘመን ካገለገለችበት መሥሪያ ቤት ጡረታ ስትወጣ እኔና ወንድሞቼ ከዕቁብ በወጣ ገንዘብ ያዘጋጀንላት ስጦታ ነበር፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያልተነገረን ወጪ ሁሉ ያመናል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ለአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ደሴቷ የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ደንግጋለች። ይህ በአደባባይ የታወጀ ነገር ሆኖ ሳለ «ሁሉም ተካቷል» ያለን ቢሮ አልነገረንም፣ አልከፈለልንምም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተሰልፈን ለምግብና ለመታሰቢያ ዕቃ ከያዝነው ዶላር ላይ ቀንሰን ከፈልን። ጀልባው ዘንድ ስንደርስ ደግሞ የባሕር ጥበቃ ክልሉ መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል ተነገረን። ገንዘቡ ባሕሩን ለመጠበቅ የሚውል ከሆነ በደስታ እከፍላለሁ፤ ያናደደኝ መደበቁ ነው።

በፕሮግራሙ ላይ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈው «ምነምባ ደሴት ላይ ጉብኝትና ምሳ» የሚል ነበር። ምነምባ ከዋናው የዛንዚባር ደሴት በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን በኮራል የታጠረች ትንሽ ደሴት ናት። ይሁን እንጂ ደሴቷ የግል ማረፊያ ስለሆነች እዚያ አልጋ ያልያዘ ሰው እግሩን አያሳርፍባትም፤ የቀን ጎብኚ የሚዋኘው በዙሪያዋ ባለው ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ ምሳውን የሚበላው ወደ ዋናው ደሴት ዳርቻ ተመልሶ ነው። ይህን እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ብቻ አያውቀውም ብሎ ማመን ይከብደኛል፤ በእርግጥ ካላወቀም የማያውቀውን ቦታ ነው የሸጠልን።

የወቅቱም ነገር እንዲሁ ነው። የእኛ ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና ሰው ዕረፍት የሚወጣበት ጊዜ በመሆኑ ወኪሎቹ «እዚያ ደረቅ ወቅት ነው፤ ዝናብ የለም» እያሉ ይሸጡታል፤ ይህ እውነት ነው። ያልተናገሩት ግን በዚሁ ወቅት የአገሩ ሰዎች ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ እንደሚነፍስና የምሥራቁን ወገን ባሕር እንደሚያናውጠው ነው። ከዚህም ሌላ የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ጀልባ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። ለእኛ የተጻፈልን ሰዓት ይህን ያላገናዘበ ስለነበር ውሃው ከዳርቻው ርቆ ሸሽቶ ጠበቀን፤ በስለታም ድንጋይና በባሕር ጃርት እሾህ መካከል በባዶ እግራችን እየተጠነቀቅን ረጅም መንገድ ሄደን ጀልባው ላይ ወጣን። የጎማ ጫማ ያዙ ያለን ሰው አልነበረም። ከተነሣን በኋላ ደግሞ ሞገዱ ሲያንገላታን ከመካከላችን ያላስመለሰው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብና ድካም ነው፤ ያልፋል። የማልተወው የሚከተለውን ነው። ስኖርክል ማለት መነጽር አጥልቆ፣ ቱቦ በጥርስ ይዞ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ እየተነፈሱ መንሳፈፍ ነው፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ለለመደውም ቀላል ነው። አፍንጫው ተዘግቶ በአፉ ብቻ መተንፈስ ላለበት ጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭንቅ ናቸው። ከተመለስን በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት መነጽር ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አስደግፈው በአፍንጫ አየር ሲስቡ ተጣብቆ ከቀረ ነው፤ ከጎማው ሥር የፀጉር ዘለላ ከገባ ውሃ ያስገባል፣ ስለዚህ ሹሩባ የተሠራች ሴት ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ በሚገባ መሰብሰብ አለባት። ቱቦው ውስጥ ውሃ ሲገባ በኃይል እፍ ብሎ ማስወጣት እንጂ መደንገጥና መነጽሩን መንቀል አይገባም። ይህን ሁሉ ወገብ በሚደርስ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ቆሞ መለማመድ ይቻላል፤ ጊዜም አይፈጅም።

ለእኛ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጀልባው እግር በማይደርስበት ውሃ ላይ ቆመ፤ መነጽሮቹና ቱቦዎቹ ከአንድ ትልቅ ቅርጫት ተዘረገፉና እጃችን የደረሰበትን አነሣን፤ ወዲያው «ግቡ» ተባልን። ለእህቴ የደረሳት የሕይወት አድን ጃኬት አንዱ መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ የታሰረ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ስትገባ ሽቅብ ተንሸራትቶ አገጯን ዋጠው። አንድ ሞገድ ከላይዋ ሲያልፍ ቱቦዋ ሞላ፤ ጨው ውሃ ጠጣች፣ መነጽሯን ነቀለች፣ እጇን ማወራጨት ጀመረች። እኔ ራሴ ዋና የማልችል በመሆኔ የጀልባውን ገመድ ይዤ ስሟን ከመጥራት በቀር ልረዳት አልቻልኩም። ይመራናል የተባለው ልጅ በጀልባው ማዶ ለሌሎች ፎቶግራፍ እያነሣ ነበር። ከጎናችን ከቆመው ሌላ ጀልባ የወረደ አንድ ወጣት ነው ጃኬቷን ከጀርባዋ ጨብጦ እስከ መሰላሉ ያደረሳት፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አላወቅሁትም። እህቴ ከዚያ በኋላ ፎጣ ተከናንባ ተቀመጠች፤ እስከ ማታም ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ «ውሃ እፈራለሁ» ያለችን ሴት ያለ ልምምድና ያለ ጠባቂ ወደዚያ የሚልክ ሰው ይህን ብሂል አልሰማም ማለት አይቻልም።

ስለ ኮራሉም ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ያልተነገረን ነገር የጎዳው እኛን ብቻ አይደለም። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት ተሰባስበው፣ በአካላቸው ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ምግብ እያገኙ፣ ከሥራቸው የኖራ ቤት እየገነቡ ያሳድጉታል። ትልልቆቹና ድቡልቡሎቹ ዐይነቶች በዓመት የሚያድጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ኮራል በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በ2024 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ለ4ኛ ጊዜ ተመሳሳይ መንጣት መድረሱ በይፋ ተነግሯል። እንዲህ ያለ መከራ በሚያየው ኮራል ላይ፣ ዋና የማይችል ሰው ሲደክመው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር እግሩን አሳርፎ መቆም ነው። ጥልቀቱ በቀነሰበት ቦታ የእኛ ሰዎች ቆሙበት፤ ሲሰበር በእግራቸው ተሰምቷቸዋል፣ አንዱም ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ደምቷል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ መንሳፈፍ አይችሉም፣ የረገጡትም ነገር ሕያው መሆኑን የነገራቸው የለም። አዲስ አበባ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቢነገራቸው ኖሮ ግማሾቹ ጀልባው ላይ ሆነው ማየትን ይመርጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቆዳችን ላይ የለቀለቅነው የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንኳ ጉዳይ አለው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ደሴታማ አገር ፓላው እ.ኤ.አ. ከ2020፣ ሃዋይ ደግሞ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸውን ቅባቶች ከልክለዋል። እጅጌ ያለው ልብስ ለብሶ መዋኘት ጀርባንም ባሕሩንም ያድናል፤ ይህም የሚጠይቀው አንድ መስመር ምክር ብቻ ነበር።

ዶልፊን ማየት በፕሮግራማችን ላይ ስለነበረ በመንገዳችን ላይ ዶልፊኖች ብቅ ሲሉ ሁሉም ጀልባዎች ሞተራቸውን እያጓሩ ከበቧቸው፤ ሰዉም በላያቸው ላይ ይዘል ጀመር። የባሕር ኮከብ ከውሃ አውጥተው ለፎቶግራፍ እጃችን ላይ ሊያስቀምጡልን ሞከሩ። እንቢ ስል አስጎብኚው ተገርሞ «ደንበኞች የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ የላኳችሁም ሰዎች ያዘዙት ይህንን ነው» አለኝ። በዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራ ልጅ ነው፤ በእርሱ አልፈርድም። ርካሹን ጀልባ እየመረጠ፣ በሕንጻው መስታወት ላይ ግን ውዱን ሥዕል እየለጠፈ ልዩነቱን ኪሱ የሚከተው የእኛው ሰው ነው።

እንደተመለስን ወደ ቢሮው ሄጄ ሁሉንም በትሕትና አስረዳሁ። ኃላፊው ቡና አዘዘልኝ፤ ቀጥሎም «እኛ የምንሸጠው ትኬትና ሆቴል ነው፤ ባሕሩ ላይ ለሚሆነው ተጠያቂው እዚያ ያለው ድርጅት ነው» አለኝ። የክፍያ ደረሰኛችን ላይ ግን የባሕሩ ቀን በስሙ ተጠቅሶ፣ ዋጋውም ተደምሮ፣ የቢሮው ማኅተም አርፎበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የቀን ጎብኚ እግሩን የማያሳርፍባት ደሴት ላይ ምሳ እንደምንበላ የጻፈ ወረቀት ትክክለኛ መረጃ ነው የሚለኝ ካለ መልሱን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ወረቀቶቹን ሁሉ ኮፒ አድርጌ አቤቱታዬን አስገባለሁ፤ እህቴም ፈርማበታለች።

ለገና ወይም ለፋሲካ ዕረፍት እንዲህ ያለ ጉዞ ለመመዝገብ የተዘጋጃችሁ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት በየልካችሁ መኖሩን፣ ውሃ ውስጥ አብሯችሁ የሚገባ ጠባቂ መመደቡን፣ ጥልቁ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ልምምድ የምታደርጉበት ጊዜ መያዙን፣ ጀልባው የሚነሣበት ሰዓት ከባሕሩ ሙላት ጋር መገናዘቡን፣ መድኑና የጥበቃ ክልሉ ክፍያ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ አስፍረው በማኅተም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ ወኪል ካገኛችሁ ስሙን እዚህ ሥር አስፍሩልኝ፤ እህቴ አሁንም ዓሣዎቹን ማየት ትፈልጋለች።