ማስተካከያ፦ ስለ ማዮኔዙ ማስታወቂያ

ሰላም የቱሉ ዲምቱ ወላጆች፣ እሁድ ማታ የላኩላችሁ ነገር ስህተት ነበረበት። "ሁለት ወንዶች የሚሳሳሙበት ማስታወቂያ በልጆች ካርቱን መሀል እየተላለፈ ነው፣ የእንግሊዝ መንግስትም አገደው" ብዬ ነበር፣ ልክ አይደለም፣ ይቅርታ።

ማስታወቂያው የሄንዝ ማዮኔዝ ነው፣ የታየውም እንግሊዝ ሀገር በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ልጆቹ ኪችን ውስጥ ሳንዱች የሚሰራላቸውን ሰውዬ እማ እያሉ ይጠሩታል፣ አባትየው ስራ ሊሄድ ሲል ይስመዋል፣ ሀሳቡ ማዮኔዙ እናትየዋን እንደ ኒውዮርክ ሳንዱች ቤት ባለሙያ ያደርጋታል ነው። ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪው 200 ገደማ ቅሬታ ደረሰው፣ ያነሳው ግን ራሱ ካምፓኒው ነው እንጂ መንግስት አላገደውም፣ ከተነሳ በኋላ ደሞ ለምን ተነሳ ያሉም ነበሩ። በልጆች ፕሮግራም መሀል እንዳይታይ ከመጀመሪያውም ተከልክሎ ነበር፣ ያውም በመሳሳሙ ሳይሆን ምግቡ ቅባት ስለሚበዛበት። ይሄን ያገኘሁት በጊዜው ከወጡ የእንግሊዝ ጋዜጦች ዘገባ ነው።

በኔ መልእክት የተነሳ ከኛ በታች ያለችው ጎረቤቴ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጣዋለች፣ ልጆቿ ሶስት ቀን ካርቱን አላዩም፣ ይሄ በጣም ከንክኖኛል። ልጆቻችን የሚያዩትን መከታተል አለብን የሚለው አቋሜ አልተቀየረም፣ ግን ያልሆነ ነገር ነግሬ ማስደንገጥ አልነበረብኝም።

የድሮውን አጥፍቼዋለሁ፣ ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁ ይሄንንም አስተላልፉልኝ፣ እኔ ዛሬ ማታ ወርጄ ገመዱን እሰካላታለሁ።