አማልክቱ አይቸኩሉም

በቻይና የአማልክት ድራማ ውስጥ ዕድሜ የሚቆጠረው በአሥር ሺህ ነው። የ50,000 ዓመቱ ልዑል ገና ለጋ ወጣት ነው፤ የ140,000 ዓመቷ እመቤትም ፍቅር ሲነሳ አንገታቸውን ደፍተው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይፈትላሉ። ይህን ያህል የኖረ ፍጡር «ተሳስተሻል፣ እኔ አይደለሁም» ለማለት አሥራ ሁለት ክፍል ቢፈጅበት አይፈረድበትም። ምን አስቸኮለው? እሱ አይሞት። የሚሞተው ተመልካቹ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ፣ ድራማው 40 ክፍል፤ በድምሩ 30 ሰዓት። የመግቢያውና የመውጫው ዘፈን በየክፍሉ አራት ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ሳይዘል የሚያይ ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በደመናና በሚውለበለብ ቀሚስ ላይ ያሳልፋል። ቻይናውያን «ሰማይ ላይ አንድ ቀን፣ ምድር ላይ አንድ ዓመት» ይላሉ። በዚህ ስሌት 30 ሰዓት ሰማይ ቤት ቆይቶ የተመለሰ ሰው ምድር ላይ አንድ ዓመት ከሦስት ወር አልፎት ያገኛል። የእቃ ማጠቢያውን ክምር ላየ፣ አባባሉ ተረት አይመስልም።

ለነገሩ 40 ራሱ ምሕረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድራማ ከ40 ክፍል እንዳይበልጥ፣ ቢቻል በ30 እንዲያልቅ መመሪያ አወጣ (በ2025 ገደቡን አላልቶታል)። ከዚያ በፊት 60 ክፍል የተለመደ ነበር። አንዳንድ አምራቾች መመሪያውን በታማኝነት ተቀበሉ፤ አንዱን ድራማ ከወገቡ ቆረጡና ለየግማሹ ስም አወጡለት።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች አይቶ ማመስገን አይገባም። ተመልካቹ ለአባልነት ይክፈል አይክፈል የሚወስነው እዚያ ስለሆነ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚያ ነው። የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከአሥረኛው ክፍል በኋላ ዘንዶው «ለሺህ ዓመት ተኝቷል» ይባላል፤ ጦርነቱም አይታይም፤ አንድ መልእክተኛ እየተንገዳገደ ይገባና «አሥር ሺህ ሠራዊት አለቀ!» ብሎ ይወድቃል። አንድ መልእክተኛ ከአሥር ሺህ ሠራዊት ይረክሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ድራማውን በኢንተርኔት የሚያሳዩት አይቺዪ፣ ዩኩና ቴንሰንት ከስድስት አምራቾች ጋር ሆነው ለአንድ ተዋናይ በክፍል ከአንድ ሚሊዮን፣ በድራማ ከ50 ሚሊዮን ዩዋን በላይ አንከፍልም ብለው መግለጫ እስከማውጣት የደረሱት በጀቱ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። ዘንዶው ወኪል የለውም።

ገንዘቡ ሲሳሳ አማልክቱ ለፈተና ወደ ሰው ዓለም ይወርዳሉ። ደራሲው ስለ ዕጣ ፈንታ ያወራል፣ ሒሳብ ሹሙ ግን የሚያስበው ሌላ ነው፦ መንደር የኮምፒውተር ቅንብር አይፈልግም። ዠጂያንግ ግዛት ያለው የኸንግዲየን የቀረጻ ከተማ የቤጂንጉን ቤተ መንግሥት አምሳያ ሳይቀር ይዞ ስለሚገኝ፣ የተዘጋጀ ገበያና ጎዳና እዚያው አለ። ችግሩ ብዙ ቡድን ጎን ለጎን ስለሚቀርጽ ጫጫታው አያሠራም። ስለዚህ ንግግሩ በአብዛኛው ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ ሰው ድምፅ ይጫናል፤ ከንፈሩ ቀድሞ ድምፁ የሚከተለው ለዚህ ነው። ቃሉን ሳያጠና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ የሚተውን አለ እየተባለ በቻይና ይቀለዳል። ለአንዳንዱ የፍቅር ኑዛዜ ቁጥሩ ይሻለው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ግን መርሳት ነው። ጀግናዋ ወይ የመርሳት ሾርባ ትጠጣለች፣ ወይ ከሰማይ ሰገነት ትዘላለች። (ሁልጊዜ ሰው የሚዘልበት ሰገነት አለ፤ በመቶ ሺህ ዓመት ውስጥ አጥር ልሥራለት ያለ አምላክ አልተገኘም።) ከዚያ ያፈቀረችውን አታውቀውም። ጥቅሙ ድርብ ነው። ያለቀው ፍቅር ከሀ ሁ ይጀምራል፤ አሥር ክፍል ተገኘ ማለት ነው። ደግሞ እሷ ስትረሳ እሱ ያስታውሳል፣ ባስታወሰ ቁጥርም የድሮው ቀረጻ ያለ አንዲት ሳንቲም ይደገማል። ከኮክ ዛፍ ሥር የተያዩባት ደቂቃ አንዴ ተቀርጻ አምስቴ ትታያለች፤ በአምስተኛው ቀለሟን ያደበዝዙና አዲስ ትዝታ ትሆናለች።

የሚወድቁበትም መንገድ ያው ነው። ከጣሪያ የወደቀችውን ሴት አየር ላይ ይቀልባታል፣ እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ፣ ከሦስት አቅጣጫ ይታያል፣ ዘፈኑም አንድ ቤት ይጨርሳል። ቁመቱ ሦስት ሜትር ነው። ኒውተን ቢያይ ፖሙን መልሶ ይሰቅላት ነበር። ደም ደግሞ ከከንፈር ጥግ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይወርዳል፤ ሊፕስቲኩን አይነካም። ጀግናው ደም የሚተፋው ብቻውን ሲሆን ነው፤ እሷ ስትገባ ጠረግ አድርጎ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ከዚህች «ደኅና ነኝ» አራት ክፍል ይወጣል።

ቤተሰብ አንድ ላይ ሲያይ ዋናው መከራ ማን ማን እንደሆነ መለየቱ ነው፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል።

«ይሄ ነው ክፉው?»
«አይደለም እማዬ፣ የክፉው መንትያ ነው።»
«ቅድም ሞቶ የለም እንዴ?»
«እሱ የሞተው በፊተኛው ሕይወቱ ነው።»
«ታዲያ አሁን ምን ያስለቅሳታል?»

ጥያቄው ልክ ነው፤ የድራማውን ጽሑፍ ያጸደቀው ሰው ነበር ሊጠይቀው የሚገባ። ለመለየት ፊት አይጠቅምም፣ የምስል ማለስለሻው አፍንጫውን ጭምር ጠርጎታል። ራስ ራሱን ይመልከቱ፦ የብር ዘውድ የሰማይ ልዑል፣ ጥብጣብ ደቀ መዝሙር፣ የተለቀቀ ፀጉርና የጠቆረ የዓይን ቆብ ደግሞ የአጋንንት አለቃ። ሽበት እርጅና አይደለም፣ ሰውየው ሌሊቱን አዝኖ ነው። ጣሪያ ላይ ጨረቃ እያየ ብቻውን የሚጠጣው ሁለተኛው ወንድ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፣ አታገባውም።

ጀምሮ መተው ያልሆነለት ሰው ፍጥነቱን አንድ ተኩል ያድርገው። በእጥፍ ከሄደ የግርጌ ጽሑፉ አይነበብም። አይቺዪ ላይ የመረጡት ተዋናይ ያለበትን ትዕይንት ብቻ የሚያሳይ አማራጭ አለ፤ ሌላውን ሕዝብ በአንድ ጣት ያሰናብታል። ቡና ማፍላት ያለበት ሰው ከ18ኛው እስከ 28ኛው ክፍል ያለውን ይምረጥ፤ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በረካውን ቀድቶ ሲመለስ ልዑሉን እዚያው በሯ ላይ ቆሞ ያገኘዋል፣ ላንኳኳ አላንኳኳ እያለ። በአማርኛ የሚተርኩልን ሰዎች ደግሞ የሰማዩንም ንጉሥ፣ ባለ ዘጠኝ ጅራቷንም ቀበሮ በአንድ ጎርናና ድምፅ ጠቅልለው በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል። ከዋናው ድራማ ይልቅ ትረካው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሠላሳ ስምንት ክፍል ሙሉ «እየመጣ ነው» የተባለው ጦርነት በመጨረሻው ክፍል በሰባት ደቂቃ ያልቃል። ሐምራዊ ጭስ ከነጭ ብርሃን ጋር ይገፋፋል፣ ጀግናዋ ለዓለም ስትል ትበተናለች፣ «ከ500 ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ የአንድ ሰው ጀርባ ይታያል፣ አለቀ። ሠርጉ ካለም ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ነው። ከሌላው ተመልካች ቀድሞ ለማየት በየክፍሉ የማስከፈሉ አሠራር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ቀርቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ «የፍጻሜ ልዩ ዕይታ» በሚል ጥቅል ተመለሰ። የከፈሉትም ያቺኑ ማታ መጨረሻውን በየቦታው ይዘረግፉታል፤ ያልከፈለውም ሰው ጀርባው የማን እንደሆነ በነፃ ይሰማል። የሁለተኛው ወንድ ነው።