የደብረ ብርሃንን እግረኛ ማን ቆጠረው?

የምኖረው ሜልበርን ነው። እዚህ መሃል ከተማው ውስጥ በመብራት ምሰሶና በሱቆች በረንዳ ጣሪያ ላይ የተገጠሙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። የሰው መልክ አይቀርጹም። የሚያልፈውን እግረኛ ብቻ ሌት ተቀን ይቆጥራሉ። የከተማው አስተዳደር ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቁጥሩ በየሰዓቱ ተለይቶ ለሕዝብ ክፍት ነው። የትኛው ጎዳና በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ የፈለገ ያያል። የእግረኛ መንገድ ይስፋ ወይስ ይቅር ሲባልም ክርክሩ ቁጥር ይዞ ነው።

እዚህ አገር መኪና የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በእግሩ የሚኖረው የእኛ ሰው ነው። አዲስ አበባ እንኳ ግማሽ ያህሉ ጉዞ በእግር ነው። ሰሜን ሸዋማ ምን ይባላል!

ዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ስሄድ ዓይኔ ከመንገድ ዳር አይነሳም። የደሴው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ሲኖትራኩም አይሱዙውም ባጃጁም እዚያው ላይ ነው። የእግረኛውን መንገድ አንዱ ጋ የአሸዋ ክምር ዘግቶታል፣ ሌላው ጋ የቦዩ ክዳን የለም። ሰዉ ምን ያድርግ? አስፋልት ላይ ይወርዳል። ከዚያ «እግረኛው ሥርዓት የለውም» ይባላል። ይሄ ንግግር በጣም ያናድደኛል።

አንዲት እናት ኩበት አዝለው ሊሻገሩ ሲሞክሩ አይቻለሁ። ሁለቴ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳርፈው ተመለሱ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ልጅ ቆመና «ይለፉ እማማ» አላቸው። «ተባረክ ልጄ» እያሉ ተሻገሩ፤ ግን ቀስ ብለው፣ ከሸክማቸው ጋር።

መሐንዲሶች የመሻገሪያ መብራት ሲያሰሉ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብለው ኖረዋል። አሜሪካኖች አረጋውያንን አስበው እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 1.07 ገደማ ዝቅ አድርገውታል። 14 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በመጀመሪያው ስሌት 12 ሰከንድ አይፈጅም። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመድ ግን 17 ሰከንድ ተኩል ነው። ከባድ መኪና ቁልቁል ሲመጣ በዚያች ልዩነት ሰው ይሞታል።

ለመቁጠር ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1962 ስትሮየት የተባለውን ጎዳና ለእግረኛ ብቻ ካደረገች በኋላ፣ አርክቴክቱ ያን ጌል እዚያ የሚመላለሰውን ሰው ያጠናው ቆሞ እያየ፣ በእጁ እየቆጠረ ነው። ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪዎች ደብተር ይዘው አስፋልቱ ዳር ቢቆሙ ይበቃል። በገበያ ቀን፣ ጠዋት ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ ጉሙና ጭቃው ሲብስ። ስንት ሰው አለፈ ብቻ አይደለም የሚጻፈው። ስንቱ አስፋልት ላይ ወረደ? የት ጋ? ምን ዘግቶበት?

አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የወጣ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ቆጠራውን እንዲያስጀምር ቢጠየቅ ከሰማይ የወረደ ጥያቄ አይሆንበትም። ከየትኛው ሰዓት እንጀምር ቢሉኝ፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ እላለሁ፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ሲለቀቅ፣ ሾፌሩም ጋቢ የለበሰውን ሰው ከጨለማው መለየት ሲያቅተው።