ይድረስ ለክቡር አቶ ማስክ፣ አፍንጫችን ላይ

ቁጥር፦ 8ኛ ወር
ቀን፦ ግንቦት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ላብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ የድሬዳዋ ነፍሰ ጡሮች ከትንፋሽ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነን።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ሲገባ ተሹመው መጡ። ኋላ ሹመቱ ቀረ፤ እርስዎ ግን እንደ ሹም ልማድ ወንበርዎን አለቀቁም። ክትትል ልናደርግ ሳል በበዛበት የጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ ዛሬም ፊታችን ላይ ተደላድለዋል። ይውረዱልን አላልንም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነፍሰ ጡር ላይ ይጠናልና እንፈልግዎታለን። ቅሬታችን ስለ ጠባይዎ ነው።

በሐሰት አንከስም፤ ትንፋሽ ያሳጠረብን እርስዎ ብቻ አይደሉም። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ «በጥልቅ ተንፍሺ» እያለ ያዘናል። ማህፀን ሲያድግ ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይገፋል፣ አፍንጫ ከውስጥ ያብጣል፣ የደማችን መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ጨምሮ ቆዳችን ይግላል። በዚህ ሁሉ ላይ እርስዎ ደርሰው ያስወጣነውን ትኩስ ትንፋሽ መልሰው ይደፉብናል። ኦክስጅኑ በእርስዎ ውስጥ ያልፋል፤ መውጫ ያጣው ሙቀቱና እርጥበቱ ነው።

ዋናው ክስም እርጥበቱ ነው። ሲርሱ አፍንጫ ላይ ይለጠፋሉ፣ አየር መሳብ ትግል ይሆናል፣ የማጣራት ሥራዎንም በቅጡ አይሠሩም። ስለዚህ ለግማሽ ቀን 3 ትርፍ በንጹህ ፖስታ ይዘን እንወጣለን፤ የራሰው በፌስታል ታስሮ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል እንጂ መስኮት ላይ ደርቆ ወደ ሥልጣን አይመለስም። የጨርቁ ወንድምዎ ግን በየቀኑ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ውስጡ ጥጥ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁሩ ፀሐይ ይጠራል። አንዳንዷ «ይቀዝቅዝልኝ» ብላ እርስዎን ውሃ ትነክርዎታለች። ውሃው ለአንገትና ለእጅ አንጓ ነው፤ የነከሩት ፎጣ እዚያ ይቀመጥ።

አቀማመጥዎም ያስቸግራል። ሰማያዊው ወደ ውጭ፣ ሽቦው ወደ ላይ ሆኖ ከአፍንጫ ግራና ቀኝ በጣት ካልተጫነ ትንፋሹ ሽቅብ ወጥቶ ዓይን ያደርቃል፣ መነፅር ያደበዝዛል። እጥፋትዎን እስከ አገጭ ሥር መዘርጋት አለብን፤ ከንፈርና ጨርቅ ሲራራቁ መተንፈስ ይቀላል። «አፈነኝ» ከምትሉት ስንቶቻችሁ ዘርግታችሁታል? ጆሯችንን ስለሚቆርጠው ላስቲክዎ ደግሞ ሻሻችን ላይ ከጆሮ ከፍ አድርገን 2 ቁልፍ ሰፍተናል፤ ይንጠልጠሉበት። ቫልቭ (የትንፋሽ መውጫ ክዳን) ያለው የአጎትዎ ልጅ ቀዝቀዝ ያለ ነው ይባላል፤ ግን ለባሿ የምታስወጣውን ትንፋሽ ሳያጣራ ስለሚለቀው አጠገቧ ያለውን አይጠብቅም።

ስለ ሽታ ባናነሳ በወደድን። ጠዋት የበላነው የሽንኩርት ቁሌት ቀኑን ሙሉ በእርስዎ በኩል ሲመለስብን፣ ለማቅለሽለሽ ሌላ ምክንያት አላስፈለገንም። ምላስ ጭምር ቦርሸን እንወጣለን፣ ሎሚ በእጃችን ይዘን እናሸታለን፤ እርስዎ ላይ ግን ሽቶም ሎሚም አይቀባም፣ ያረጥብዎታል። ትውከት ሲመጣ በላስቲኩ ይዘን እናነሳዎታለን፤ ከዚያ በኋላ በአዲስ ይተካሉ።

ውሃ ስንጎነጭ ወደ አገጭ አይውረዱ። የአንገት ላብና አቧራ ይዘው አፍ ላይ መመለስ ከሹም አይጠበቅም። ከሰው 2 ሜትር ርቀን፣ ቢሆን ከከዚራ ሰፈራችን ዛፎች በአንዱ ጥላ ሥር፣ እጃችንን አጽድተን ሙሉ በሙሉ እናወልቅዎታለን። ቀጠሮም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንይዛለን።

አንድ ውለታ ግን ይዋሉልን፤ የሌላውን ጥፋት አይሸከሙ። ጠንካራ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ሲመጣ «ማስኩ ነው» ይባላል፤ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን መለካት አለበት። የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ራስን መሳት፣ ተቀምጠን አርፈንም የማይመለስ ትንፋሽም እንደዚሁ፤ እርስዎን አውልቀን ቤት የምንተኛበት ጉዳይ አይደለም።

ከላብ ጋር፣
ነፍሰ ጡሮቹ

ግልባጭ፦
- «ንፋስ ይመታኛል» ብለው የሚኒባስ መስኮት ለሚዘጉ መንገደኛ (ባጃጅ ተመስገን፣ በር የለውም)
- ለአገጭ፤ እንግዳ እንዳያሳድሩ